«ግድ የለም፣ እችለዋለሁ»፦ የአንድ ሌሊት ቀዶ ጥገና ወሊድ ከሰሜን ሸዋ ደጋ

ማደንዘዣ ሰጪ ነኝ። ገበያ ላይ ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «የሚያስተኛው ነኝ» እላለሁ፤ ይቀላል። የምሠራው ሰሜን ሸዋ፣ ደጋ ላይ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ፣ ሌሊት ጋቢ በጋቢ ላይ የሚደረብበት፣ በኅዳር ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ የሚታይበት አገር ነው ብላችሁ ያዙልኝ።

ጉዳዩን ለመጻፍ የወላዷን ፈቃድ ጠይቄአለሁ። «ለሌላዋ የሚጠቅም ከሆነ ይጻፉት» ብላኛለች። ስሟን፣ ቀበሌዋንና ቀኑን ትቻለሁ። የቀረውን እንደነበረ አስቀምጫለሁ፤ የራሴን ጥፋትም ጭምር።

እስከ ጠረጴዛው ድረስ

ዕድሜዋ 20 ነው፤ እርግዝናው የበኩር። ምጥ የያዛት በዋዜማው ጠዋት ነበር። ቤት ውስጥ ተልባ ጠጣች፤ መንገዱን ያለሰልሳል ተብሎ። አመሻሽ ላይ ደግሞ «አቅም ይሁንሽ» ተብላ ገንፎ ቀመሰች። ሲመሽና ነገሩ አልሆን ሲል የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ አወጧት። ከዚያ በአምቡላንስ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ በሪፈር ወደ እኛ። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዴም አልጮኸችም። አማቷ ይህን የነገሩን በኩራት ነው። «እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ! ትንፍሽ አላለችም።» ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እኛ ጋ የደረሰችው ሌሊት 7፡40 ላይ ነው። ተረኛዋ አዋላጅ መረመረቻት። የማህፀኑ በር 7 ሴንቲ ሜትር ተከፍቶ ቆሟል። ሽርት ውሃው ፈሷል፤ አረንጓዴና ወፍራም ነው። ሕፃኑ ገና ሆድ ውስጥ እያለ ዓይነ ምድር ለቋል ማለት ነው። የፅንሱ ልብ በደቂቃ 90 ይመታል። የጤነኛ ፅንስ ከ110 እስከ 160 ነው። ምጡ መጥቶ ከሄደም በኋላ ልቡ አልመለስ አለ።

7፡55 ላይ «ኦፕራሲዮን ትግባ» ተባለ። በእኛ አነጋገር ይህ አንደኛ ደረጃ አስቸኳይ ነው፤ የእናቲቱ ወይም የሕፃኑ ሕይወት አሁኑኑ አደጋ ላይ ነው ማለት ነው። ከዚህ ውሳኔ እስከ ሕፃኑ መውጣት ያለው ጊዜ ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይመከራል። ይህች 30 ደቂቃ ግድግዳችን ላይ ተለጥፋለች። ሁላችንም እናውቃታለን፤ ሁላችንም እንፈራታለን።

ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ባልደረባዬ የማህፀን ስፔሻሊስት አይደለም። የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2009 ጤና መኮንኖችን በሁለተኛ ዲግሪ ለዚህ ሥራ ማሠልጠን ጀምራለች፤ ስፔሻሊስቱ ከተማ ሲቀር የወረዳዋን እናት የሚደርስላት ሰው እንዲኖር። የባልደረባዬ እጅ ፈጣን ነው። ብዙ እናት አትርፏል። ቀጥሎ የምለውን ስታነቡ ይህን አትርሱ።

ወረቀት መፈረም ነበረበት። አማቷ «ልጄ ሳይመጣ እኔ እጄን አላኖርም» አሉ። ባሏ አምቡላንሱ ውስጥ ቦታ ስላጣ በኋላ በአይሱዙ እየመጣ ነበር። ጠበቅነው። እሷ አልጋው ላይ ተኝታ ትሰማናለች። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ አእምሮዋ ንጹሕ የሆነ ሴት ናት፤ ገላዋ የራሷ ነው፤ ፊርማዋ ይበቃል። ማናችንም ወረቀቱን ወደ እሷ አላዞርነውም። ባሏ ደርሶ፣ እያለከለከ ፈረመ። ከዚያ ስክራብ ነርሷ፣ የቀዶ ጥገና ዕቃ አቀባይዋ፣ ከመኖሪያዋ ተቀስቅሳ እስክትመጣ ደግሞ ሌላ ጥበቃ። ከዚያ አንድ ጎማው የማይዞር ስትሬቸር፣ ነፋስ በሚያፏጭበት ግቢ መሀል። ጠረጴዛው ላይ ስትወጣ 8፡12 ሆኗል።

እኔ በዚያ መሀል ዕቃዬን ሳሰናዳ ነበር። የኦክስጅን ሲሊንደሩን ከፍቼ አየሁ። ሳክሽኑን፣ ከጉሮሮ ፈሳሽ የሚስበውን፣ በመዳፌ ሞከርኩ። ላሪንጎስኮፑ፣ ጉሮሮ የሚያሳየው ባለ መብራት ዕቃ፣ ይበራል። ወደ አየር ቧንቧ የሚገባ 6.5 እና 7 ቁጥር ቲዩብ አወጣሁ። የሚያስተኛውን ኬታሚንና ጡንቻ የሚያላላውን ሳክሳሜቶኒየም በሲሪንጅ ቀድቼ ስማቸውን ጻፍኩባቸው። ስፒናል፣ የወገብ ማደንዘዣ፣ ልሰጥ ብዘጋጅም ይህን ሁልጊዜ አደርጋለሁ። አስተማሪዬ «ጃንጥላ የሚያዘው ሳይዘንብ ነው» ይል ነበር። ያን ሌሊት ዘነበ።

ለምን በወገብ?

ይህን ጥያቄ ጠዋት ስብሰባ ላይም ተጠይቄአለሁ። እንደዚያ ከተቸኮለ ለምን ሙሉ ሰመመን ሰጥተህ አትገላገልም?

ነፍሰ ጡር ሴት ስታስተኛት እንደ ሌላ ሰው አይደለችም። ማህፀኗ ሳንባዋን ከታች ይገፋዋል፤ የምታስቀምጠው አየር ትንሽ ነው። የምትፈጀው ኦክስጅን ግን ከወትሮው በዝቷል። ስለዚህ መተንፈስ ስታቆም ኦክስጅኗ ቶሎ ያልቃል። በዚህ ላይ ደጋው አለ። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እኛ ጋ ጤነኛ ሰው ጣቱ ላይ የደም ኦክስጅን መለኪያውን ብናደርግለት ከመቶ 90፣ 92 ያሳያል። ከቆላ የሚመጡ ተለማማጆች ማሽኑ የተበላሸ ይመስላቸዋል። የእሷ 91 ነበር። ገና ስንጀምር ማለት ነው።

ሌላው ሆዷ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ሆድ የበላችውን ቶሎ አያሳልፍም። ስትተኛ የጨጓራው ፈሳሽ ወደ ጉሮሮ ወጥቶ ሳንባ ከገባ ትልቅ ጣጣ ነው። ከርቲስ ሜንደልሰን የሚባል የኒው ዮርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1946 ከ44,016 ወላዶች 66ቱ ላይ ይህ እንደደረሰ ጽፏል። እስከ ዛሬ ችግሩ በእሱ ስም ይጠራል። የእኛዋ ሆድ ውስጥ ደግሞ ተልባና ገንፎ አለ።

ስለዚህ በወገብ። ስፒናል ማለት በታችኛው የጀርባ አጥንት መሀል ቀጭን መርፌ አስገብቶ፣ ነርቮቹ የሚዋኙበት ፈሳሽ ውስጥ መድኃኒት መጨመር ነው። እናቲቱ ነቅታ፣ በራሷ እየተነፈሰች፣ ከደረቷ በታች ትደነዝዛለች። ሰፈር ውስጥ «ወገብ ያሰብራል» ይባላል። ብዙዎቹ ይህን ሰምተው ነው የሚመጡት። አሁንም ያ ሌሊት ቢመለስ ስፒናል ነው የምሰጠው። ጥፋቱ እዚህ ላይ አይደለም።

8፡20 እስከ 8፡33

አስቀመጥናት። «ትራሱን እቀፊ፤ አገጭሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ፤ እንዳትነቃነቂ» አልኳት። ትንቀጠቀጣለች፤ ግማሹ ምጥ፣ ግማሹ ብርድ። መርፌው በመጀመሪያው ሙከራ ገባ። ፈሳሹ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ተንጠባጠበ። 0.5 በመቶ ከባዱን ቡፒቫኬይን፣ የሚያደነዝዘውን መድኃኒት፣ 2.2 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 11 ሚሊ ግራም ይዣለሁ። ግማሽ እንደ ገፋሁ ምጥ መጣ። ወገቧ ፈነጠር አለ። የቀረውን ገፋሁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። መድኃኒቱን ከጨረስክ በኋላ ሲሪንጁን ትንሽ ወደ ኋላ ስበህ ፈሳሹ አሁንም ይመጣ እንደሆነ ታያለህ። ከመጣ መርፌው ቦታውን አልለቀቀም። ሁልጊዜ አደርገዋለሁ። ያን ሌሊት አላደረግኩም። አዋላጇ ከወዲያ «80 ገባ!» እያለች ነው፤ የፅንሱን ልብ። መርፌውን ነቅዬ አስተኛኋት።

ከቀኝ ዳሌዋ ሥር የታጠፈ አንሶላ አድርገን ወደ ግራ አዘነበልናት፤ ማህፀኑ ትልልቆቹን የደም ሥሮች እንዳይጫን። የደም ግፊቷን በየደቂቃው ለካሁ። 124 በ78። 120 በ76። 122 በ80። ደስ አለኝ። ስፒናል የሰራ እንደሆነ የእግር ደም ሥሮች ስለሚለቀቁ ግፊት ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር ነው ግብግቡ። ግፊት የሚያነሳው ፌኒሌፍሪን ስለሌለን አንድ ሚሊ ግራም አድሬናሊን በ100 ሚሊ ሊትር አቅጥኜ ይዤ ነበር። አላስፈለገም። «ዛሬስ እግዜር ረዳን» አልኩ በሆዴ። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነበር። ያልወረደ ግፊት ያልደነዘዘ ገላ ሊሆን ይችላል።

እግሯም ነበረ። መድኃኒቱ ሲይዝ እግር ይሞቃል፤ ደም ይወርድበታል። በእኛ ብርድ ይህ ለውጥ በጣም ግልጽ ነው፤ በረዶ የነበረ እግር በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንደ ዳቦ ይሞቃል። የእሷን አልነካሁትም። በኋላ ነርሷ «እግሯ እኮ እንደ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነበር» አለችኝ።

መፈተን አልፈተንኩም አልልም። በአልኮል የራሰ ጥጥ ወስጄ ከጭኗ ወደ ላይ ነካካኋት። ደንቡ ብርዱ እስከ ጡቷ ጫፍ ድረስ እንዳይሰማት ነው። ቁስሉ ከእምብርት በታች ሆኖ ለምን እስከዚያ ካላችሁ፣ የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ስሜት ከላይ በሚመጡ ነርቮች ስለሆነ ነው። ቆዳው ደንዝዞ ውስጡ ሊያም ይችላል። ግን ክፍሉ ራሱ ቀዝቃዛ ነው። ሆዷ ገና በቀዝቃዛ አዮዲን ታጥቧል። የጥጡ ብርድ ከምኑ ተለይቶ ይታወቃል?

አጠያየቄ ደግሞ የባሰ ነበር።

«አሁን አይሰማሽም አይደል?»

«እሺ።»

እሺ! ልብ በሉ፤ አዎ አላለችም። አይሰማኝም አላለችም። ጥያቄዬ መልሱን ይዞ ነው የሄደው። እሷም እንደ ታዘዘች ሰው «እሺ» አለች። ባለ ነጭ ጋውን ሲናገር «እሺ» ነው የሚባለው። ባልደረባዬ ቢላውን ይዞ አየኝ። «ጀምር» አልኩት። ያልኩት እኔ ነኝ። 8፡25።

ቆዳው ሲቀደድ ምንም አላለችም። ቀጣዩ ሽፋንም አለፈ። ሦስተኛው ላይ ሞኒተሩ ድምፁን ለወጠ። ማደንዘዣ ሰጪ ሞኒተሩን በጆሮው ነው የሚያየው፤ ቲት ቲቱ ሲፈጥን ሳታስበው ትዞራለህ። የልቧ ምት ከ104 ወደ 148 ዘለለ። ግፊቷ 158 በ96። ፊቷን አየሁት። አልጮኸችም። አልተንቀሳቀሰችም። እንባዋ ግን በሁለት በኩል ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። ከንፈሯን ነክሳለች። ቀኝ እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጦ ጣቶቿ ነጥተዋል። ጎንበስ ብዬ በጨርቁ ሥር ሳይ የእግሯ ጣቶች ይንቀሳቀሳሉ።

«ያምሻል?»

«ግድ የለም፣ እችለዋለሁ።»

«ያምሻል ወይ ነው የምልሽ እህቴ?»

ዓይኗን ጨፈነች። «ልጄን ያውጡልኝ እንጂ እኔስ ማርያም ታውቅልኛለች።»

ባልደረባዬ ቀና ሳይል «ስትጎተት ነው፤ መነካካቱ ይሰማታል» አለ። ይህ ውሸት አይደለም። ስፒናል በደንብ በሠራባት ሴት ላይም መነካት፣ መሳብ፣ መገፋት ይሰማል። «ቦርሳ ውስጥ ዕቃ ሲፈለግ ዓይነት» ይሉታል። ችግሩ አማርኛችን «ይሰማኛል» በሚል አንድ ቃል ሁለቱንም ይሸፍናል። መነካቱም ይሰማል፤ ቢላውም ይሰማል። ልዩነቱን ልብ ምቷ ነገረኝ።

«ቁም» አልኩት። ቆመ። እርጥብ ጋዝ አድርጎ እጁን አነሳ። ለዚህ ሁልጊዜ አመሰግነዋለሁ። የማይቆሙ አሉ።

ሁለተኛ ስፒናል አይሆንም፤ ሆዷ ተከፍቷል። ሊዶኬይን፣ ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዘውን፣ በቁስሉ ዙሪያ መውጋት ይቻላል፤ ጊዜ ይፈጃል። የቀረው ኬታሚን ነው። እንደኛ ባሉ ሆስፒታሎች ብዙዎቻችን በዚህ ሰዓት ኬታሚን ብቻ፣ ያለ ቲዩብ ሰጥተን እናልፋለን። ቀላል ነው፤ ትንፋሽን አያቆምም፤ አብዛኛውን ጊዜም በሰላም ያልፋል። እኔም እጄ ወደዚያ ሄዶ ነበር። ገንፎው ትዝ አለኝ። ለሙሉ የኬታሚን እንቅልፍ ከደረሰች ጉሮሮዋን የሚጠብቅላት ነገር የለም።

ማስኩን ፊቷ ላይ አደረግኩ። «አሁን አስተኛሻለሁ። ሕመሙ ያልቃል። ስምንት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሺልኝ» አልኳት። ተነፈሰች። የጨጓራዋ ፈሳሽ ወደ ላይ እንዳይወጣ ነርሷ ማንቁርቷ ላይ ጫነች። ኬታሚን 75 ሚሊ ግራም፣ ሳክሳሜቶኒየም 75። ክብደቷ 50 ኪሎ ገደማ ነው። ጡንቻዋ ተንቀጥቅጦ ረጋ። ላሪንጎስኮፕ። 6.5 ቲዩብ። እስከዚያ ድረስ መለኪያው 84 ገብቷል፤ ደጋው ያልኳችሁ ይህን ነው። ደረቷ በሁለቱም በኩል ተነሳ፤ በማዳመጫ ሰማሁ፤ 97 ተመለሰ። 8፡29 ላይ «ቀጥል» አልኩት።

8፡33 ላይ ሴት ልጅ ወጣች። 2,900 ግራም። ልል ናት፤ አታለቅስም። አዋላጇ አድርቃ፣ አሽታ፣ በአምቡ፣ በእጅ በሚጨመቀው የአየር ፊኛ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል አየር ሰጠቻት። ከዚያ አለቀሰች። ውጪ አማቷ ሦስት ጊዜ እልል አሉ። የክፍሉ ሰው ሁሉ ትከሻው ወረደ።

የቀረው የተለመደው ሥራ ነው። ማህፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን ቀስ ብሎ፣ በትንፋሽ የሚያስተኛው ሃሎቴን በጥቂቱ፤ ሃሎቴን ሲበዛ ማህፀንን ያላላና ደም ያበዛል። ስትነቃ በግራ ጎኗ አድርጌ ቲዩቡን አወጣሁ። ወዲያው አስመለሰች። ሳክሽኑ ደረሰላት። ተልባ ነበር።

በማግስቱ

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። አማቷ አጥሚት ያጠጧታል። ሕፃኗ ጡት ይዛለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ትናንት የምታስታውሰውን ጠየቅኳት። መጀመሪያ «ምንም» አለች። ቆይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንደ አቡጀዲ ሲቀደድ ሰማሁት» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሕፃኑ ሊሞት ነው እያላችሁ ትጣደፋላችሁ። ብናገር የምታቆሙ መሰለኝ።» ትንሽ አሰበች። «ደግሞም ኦፕራሲዮን አይደል? የሚያም መሰለኝ።»

ይህን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ማደንዘዣ እሰጥሻለሁ ብያታለሁ። ትራስ እቀፊ፣ አትንቀሳቀሺ ብያታለሁ። «ከዚህ በኋላ ሊያምሽ አይገባም፤ ካመመሽ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ንገሪኝ» አላልኳትም። እሷ ያላት መለኪያ ምጡ ብቻ ነው። ምጡን ችላለች። ይህንንም የምትችለው መስሏታል። ያደገችው ምጥ ላይ የማትጮህ ሴት በምትመሰገንበት ቤት ነው፤ የእኔም እናት እንዲሁ ነበረች። አማቷ በኩራት የነገሩን ያ ዝምታ እኔን አሳሳተኝ። ዝም ስላለች ደንዝዛለች አልኩ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። አፍራ ፊቷን ወደ ሕፃኗ መለሰች። አማቷ ጣልቃ ገቡ። «ምን ይቅርታ አለው ልጄ? ሁለት ነፍስ አትርፋችሁ!» ደግ ናቸው። ግን ይቅርታው ለእሳቸው አልነበረም።

ደቂቃዎቹ ሲቆጠሩ

ጠዋት ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ «38 ደቂቃ ለምን ፈጀ?» የሚል ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። ካርዱን ይዘን ቆጠርነው። ከውሳኔው እስከ ጠረጴዛው 17 ደቂቃ። ከዚህ ውስጥ 9ኙ ፊርማ ጥበቃ ነው። ስክራብ ነርሷን መቀስቀስና ያቺ ስትሬቸር ቀሪውን ወስደዋል። ከጠረጴዛው እስከ ስፒናሉ 8። ከስፒናሉ እስከ ቢላው ደግሞ 5፤ ይህ ሁሉ ልብስ ማልበሱንና ሆድ ማጠቡን ይጨምራል።

በደንብ ለመፈተን የሚያስፈልገኝ ሌላ ሁለት ደቂቃ ነበር፤ ቢበዛ ሦስት። አልቸኮልኩም ብል ውሸት ነው፤ ግን የቸኮልኩት የማን ደቂቃ ጠፍቶ ነው? ግቢ ውስጥና ወረቀት ላይ ያባከንነውን ጊዜ ከእሷ ሆድ ላይ ልናስመልስ ሞከርን። አልተመለሰም። ቢላው ከተነሳ በኋላ ቆመን ቲዩብ እስክናስገባ 4 ደቂቃ ሄደ። ብንፈትን የምናጠፋው ከዚያ ያነሰ ነበር።

አንድ ባልደረባችን «ሁሏንም ያምሻል ወይ እያልን ከጠየቅን ማን አያመኝም ትላለች?» አለ። አንዳንዱ ሳቀ። እኔ ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ያየሁት የተገላቢጦሹን ነው። እኛ አገር ሳያማት ያመኛል የምትል ሴት አላጋጠመችኝም። እያመማት ግድ የለም የምትል ግን ስንቷ!

መፈተን ለዚህ ሥራ ትርፍ ነገር አይደለም። ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮት ያለ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አውጉስት ቢር እ.ኤ.አ. በ1898 ስፒናልን ሲጀምር ረዳቱን ኮኬይን በወገቡ ወግቶ ይዞ እንደሆነ ሊያይ ቅልጥሙን በመዶሻ መትቶታል። ሰውየው ያኔ ምንም አልተሰማውም፤ በኋላ ግን መድኃኒቱ ሲለቀው እግሩ ምን እንደሆነ መገመት ነው። መዶሻ አላልኩም። ግን ሰውየው «አይሰማህም አይደል?» ብሎ አላለፈም።

ያን ጊዜ ብዙ ነገር ጠይቀናል። ካፕኖግራፍ (በትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው)፣ ፌኒሌፍሪን፣ ሁለተኛ ማደንዘዣ ሰጪ፤ እኔ ፈቃድ ስወጣ የሚተካኝ የለም፤ እናቶቹ በሪፈር ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። ጥያቄዎቹ ደብዳቤ ሆነው ሄደዋል። ያልተገዛ ነገር ላይ ብዙ መጻፍ አልወድም።

ገንዘብ የማይጠይቀውን ግን ወዲያው ቀየርን። ፊርማው አሁን ወደ እሷ ነው የሚዞረው፤ ባሏም አማቷም ቢመጡ ደስ ይለናል፣ አይጠበቁም። ስትሬቸሯ ጎማዋ በአንድ የከተማ ብረት ሠራተኛ ተበየደ፤ ቀላል ነበር፣ ያናድዳል።

አጠያየቁን በተመለከተ እኔና አዋላጇ ቁጭ ብለን ቃላት መረጥን። ይህ ቀልድ ይመስላል፤ ረጅሙን ሰዓት የወሰደው ግን እሱ ነው። አሁን ገና ከመርፌው በፊት እንዲህ እላለሁ፦ «ስነካሽ ይሰማሻል፤ ማመም ግን የለበትም። ካመመሽ ንገሪኝ። ብትናገሪ ሕፃኑ አይጎዳም፤ እኔ ሌላ መድኃኒት አለኝ።» ከዚያ ጥጡን መጀመሪያ ትከሻዋ ላይ አደርግና «ይህን ብርድ እወቂው» እላለሁ። ቀጥሎ ሆዷ ላይ፦ «ከትከሻሽ ጋር አንድ ነው ወይስ ይለያል?» ይህ ጥያቄ «እሺ» ተብሎ አይመለስም። እግርሽን አንሺ እላታለሁ። መዳፌን እግሯ ላይ አድርጌ መሞቁን አያለሁ። በመጨረሻ ባልደረባዬ በመቆንጠጫው ቆዳዋን ጨበጥ ያደርጋል፤ ምን እንደሚያደርግ ሳይነግራት። እኔ በዚያን ጊዜ የማየው ፊቷን ነው። ቢላው የሚነሳው እኔ «ይዟል» ስል ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ሲያይ እጁን እያፋተገ ይቁነጠነጥ ነበር። አንድ ሌሊት ግን አንዷ «እዚህ ጋ ከትከሻዬ ጋር አንድ ነው» አለች፤ በግራ በኩል። ጠረጴዛውን ትንሽ ወደ ግራ አዘንብለን ሦስት ደቂቃ ጠበቅን። ያዘ። ያን ጊዜ ምንም አላለም። ከዚያ ወዲህ ግን ራሱ «ይዟል?» ብሎ ይጠይቀኛል።

ከሆስፒታል በወጣች ቀን ለዚያች እናት አንድ ወረቀት ጻፍኩላት። በአማርኛ፤ የሚቀጥለው ማደንዘዣ ሰጪ ማንም ይሁን እሷም እንድታነበው። እስከ 6ኛ ክፍል ተምራለች። «ስፒናሉ በግማሽ ብቻ ሠርቷል። ቲዩብ በቀላሉ ገብቷል። በሚቀጥለው ጊዜ ስፒናል መስጠት ይቻላል። ከመቀደዷ በፊት በደንብ ትፈተን። ሲያማት ዝም ትላለች።»

ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያስኬደች አነበበችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ሳቀች።

«ይህችን ይሰርዟት» አለችኝ። «ሁለተኛ ዝም አልልም።»

አልሰረዝኩትም። እሷም አጥፋ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።